የአባ ክምር ሳንቃ

የሊፍት መካኒኩ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሊፍት ሲጠግን ኖሮ እሱ ራሱ የሚኖርበት ሕንፃ ሊፍት የለውም። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው ቤቱ። ጎረቤቶቹ ደረጃው ላይ ባገኙት ቁጥር ይህችን እያነሱ ይቀልዱበት ነበር፤ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር። ከአንድ የቢሮ ሕንፃ ሊፍት ጉድጓድ ወድቆ፣ ቀኝ እግሩ ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጀሶ ታስሮ፣ አራት ጎረምሶች ተሸክመውት ሲወጡ ግን ማንም አልቀለደም። ሐኪሙ “እግርህን ከወደድከው አትንቀሳቀስ” ብሎታል።

እጁ ሥራ ካልያዘ ራሱን የሚያመው ዓይነት ሰው ነበር። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው ያለው፣ ደንበኞቿም እዚያው ነው የሚለኩት። እሱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስለማያውቀው ነገር አስተያየት መስጠት ጀመረ። የአንዷን ቀሚስ “ትንሽ አጠረ” አለ፤ የሌላዋን ሱሪ “ከኋላ ጠበበ” አለ። ሚስቱ አንድ ቀን መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችና “አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ነው የተሰበረው ወይስ አፍህ ነው የተፈታው? ደንበኞቼን ልታስኮበልል ነው እንዴ?” አለችው።

መላ ያመጣችው የሚስቱ እህት ልጅ ናት። ጃኬት ልታስጠብብ መጥታ የአክስቷን ባል መቁነጥነጥ ስታይ ዜና የሚያይበትን ታብሌት ተቀበለችውና አንድ ጌም ጫነችለት። “ጋሼ፣ ይሄ የተኩስ አይደለም። ሰዎች ተሰብስበው የሚኖሩበት ደሴት ነው። ሁሉም እንዳንተ ከየቤቱ የሚጫወት እውነተኛ ሰው ነው” አለችው።

ጌሙ ሲከፈት ሰው ባዶ እጁን ከባሕር ወጥቶ ወደብ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ደሴቶች ለመሻገር ጀልባ መሥራት አለበት፤ ለጀልባ ደግሞ ሳንቃና ገመድ ያስፈልጋል። የሚፈልገውን ራሱ ይለቅማል፣ ይቆርጣል፣ ወይም ከሌላ ተጫዋች በዛጎል ይገዛል። የአገሩ ገንዘብ ዛጎል ነው። ዛጎሉ ከጌሙ ውጭ ምንም አይገዛም፤ ግን ወደቡ ላይ ያለ እሱ አንድ እርምጃ የለም።

መካኒኩ ቶሎ ገባው። ማሽን የሚያውቅ ሰው ነው፤ የትኛው ነገር የትኛውን እንደሚያንቀሳቅስ ማየት ልማዱ ነው። ጊዜ ደግሞ እንደ እሱ የተረፈው ሰው ደሴቲቱ ላይ አልነበረም። ሌሎቹ ከሥራ መልስ ትንሽ ተጫውተው ሲወጡ እሱ ከቁርስ በኋላ ገብቶ እዚያው ይውላል። ከአንድ ገደል ጀርባ ማንም የማይሄድበት አንድ ጫካ አገኘ። እየቆረጠ፣ እየሰነጠቀ፣ በጀልባው እያመላለሰ የሳንቃ ሀብታም ሆነ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወደቡ ላይ ቆሞ ሳለ አንድ አዲስ ገቢ ቀረበውና “ይቅርታ፣ እንጨት ከየት ነው የሚገኘው?” ብሎ ጻፈለት። መካኒኩ ብዙ አላሰበም፤ ለአንድ ጀልባ የሚበቃ ሳንቃ ከነበረው አነሳና ሰጠው። አዲሱ ሰውዬ እየተሽከረከረ ዘለለ። “ይባረኩ አባቴ! ምን ልክፈል?” አለ።

“ምንም። ተሻገርበት” አለው መካኒኩ።

እዚያ ሶፋ ላይ፣ ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደረቱ ውስጥ አንድ የሞቀ ነገር ተሰማው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ከተሰበረ ጀምሮ ሥራው መቀበል ብቻ ሆኖ ነበር። ሚስቱ ታጥበዋለች። ባልደረባው ፈረቃውን ይሸፍንለታል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት የጋዝ ሲሊንደሩን ይሸከምለታል። እያንዳንዱን ውለታ “እግዜር ይስጥልኝ” እያለ ሲቀበል ዕዳው የበዛበት ይመስለው ነበር። እዚህ ግን ሰጪው እሱ ነው።

በማግሥቱ ወደቡ መግቢያ ላይ አንድ ትልቅ የሳንቃ ክምር ከምሮ “የፈለገ ይውሰድ” የሚል ሰሌዳ ተከለ። ክምሩ ሲያልቅ ይሞላዋል። ስሙ ደሴቱን አዳረሰ። ብቅ ሲል “አባ ክምር! አባ ክምር መጣ!” እያሉ ይከቡታል፤ እሱም የጌም ስሙን ወደዚሁ ቀየረው። ሚስቱ መኪናዋን እያንቀሳቀሰች “ምን ያስፈግግሃል?” ስትለው “ሕዝቤ ነው” ይላታል።

ከዚያ አንድ ጠዋት “መጋዝ” የሚል ስም ካለው ተጫዋች መልእክት መጣለት።

“ጤና ይስጥልኝ አባ ክምር። ካላስቸገርኩህ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ክምሩን መቼ ነው የምታቆመው?”

“ምነው ወንድሜ፣ ምን አስቀየመህ? ላንተም ይበቃሃል፣ ና ውሰድ” ብሎ መለሰለት።

“እኔ ሳንቃ ሻጭ ነኝ። ሱቄ ከክምርህ ፊት ለፊት ነው። አንተ ከመጣህ ወዲህ የሚገባ ሰው የለም።”

መካኒኩ ጮክ ብሎ ሳቀ። “ስሚ እስቲ፣ ይሄን ጉድ ስሚ” አላት ሚስቱን። “ለሰው በነፃ እየሰጠሁ፣ አንዱ ‘የውሸት ዛጎሌን አስቀረህብኝ’ ብሎ ይከሰኛል!”

ሚስቱ የቀሚስ ጠርዝ እየጠለፈች ነበር። በከንፈሯ ይዛቸው የነበሩትን ስፒሎች አንድ በአንድ አወጣችና የስፒል መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰካቻቸው።

“ያንን በጎ አድራጊ ታስታውሰዋለህ?” አለችው። “በከረጢት በከረጢት ልባሽ ጨርቅ እያመጣ እዚህ ሰፈር በነፃ ሲያድል የነበረውን?”

“እንዴት አላስታውሰውም። ደግ ሰው ነበር።”

“ደግ ነበር። ያን ወራት ደጄን የረገጠ ሰው አልነበረም። መኪናዬ አቧራ ለበሰ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ደግ ስለሆነ የምለው ጠፋኝ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ነግሬህ ነበር። ‘ደግ ሰው ነው፣ ምቀኛ አትሁኚ’ አልከኝ። እኔም ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።” ስፒሎቹን መልሳ በከንፈሯ ያዘችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

መካኒኩ ያን ቀን ጌሙን አልከፈተም። እንዲያ ማለቱን አላስታወሰውም፤ አለማስታወሱ ከማለቱ በላይ ከበደው።

ነገሩን ለማስተካከል ያሰበው መንገድ የራሱ ዓይነት ነበር። ለአንድ የሚያውቀው ተጫዋች ብዙ ዛጎል ሰጠውና “ሂድና መጋዝ ሱቅ ያለውን ሳንቃ በሙሉ ግዛልኝ፤ እኔ እንደላክሁህ አትናገር” አለው። ሰውዬው ሄዶ ሱቁን ጠርጎ ገዛው። መካኒኩ “ተካካስን” ብሎ ትራሱን አደላደለ።

ብዙም ሳይቆይ የመጋዝ መልእክት መጣ።

“አንተ ነህ አይደል?”

“ምኑን?”

“ተወው፣ አታታልለኝ። ይሄን ሁሉ ሳንቃ ባንድ ጊዜ የሚገዛ አንተ ብቻ ነህ። ዛሬ ከስንት ጊዜ በኋላ ሁለት ሰዎች ሊገዙ መጡ፣ ሱቁ ባዶ ነው። መልሼ ሸኘኋቸው። በፊት ደንበኛ አሳጣኸኝ፣ አሁን ደግሞ የምሸጠውን አሳጣኸኝ።”

መካኒኩ ተናደደ። “ሰውዬ፣ ዛጎሉን አገኘህ አይደለም እንዴ? ሌላ ምን ትፈልጋለህ?” ብሎ ጻፈ።

መልሱ ቆየ። “እየጻፈ ነው” የሚለው ምልክት እየበራ እየጠፋ ብዙ ቆየ። ሲመጣ ረጅም ነበር።

“ዛጎል አይደለም የምፈልገው። ልንገርህ፣ ከዚያ እንደፈለግህ። እኔ በአንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ቤት ጓዳ ውስጥ አንሶላ የምተኩስ ሰው ነኝ። እንደምጽፈው አልናገርም፤ እንተባተባለሁ። አንድ ቃል ልጨርስ ስል ሰው ወይ ይጨርስልኛል፣ ወይ ፊቱን ያዞራል። አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ሆነው የደንበኛ ልብስ ከሚቀበሉት ጋር አስቀምጠውኝ ነበር፤ ሰልፉ ረዘመ ተብሎ በዚያው ሳምንት ወደ ጓዳ መለሱኝ። አልፈረድኩባቸውም።

“እዚህ ግን ነጋዴ ነኝ። ሰው እንጨት ፈልጎ ይመጣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከረኛል፣ ክርክሩ ወደ ወሬ ይሄዳል። ከየት ነህ፣ ምን ትሠራለህ፣ ልጅህ ተሻላት ወይ። ዛጎል የሌለውን በሁኔታው አውቀዋለሁ፤ እሱ ሲከራከረኝ እሸነፍለታለሁ። በጣም ጎበዝ ተከራካሪ የሆነ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል። ካንተ ክምር ግን ሰው ያነሳና ይሄዳል። የሚያነጋግረው የለም፣ የሚያነጋግርበትም ምክንያት የለም። ወደቡን እስቲ ቆመህ እየው።”

መካኒኩ ይህን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ታብሌቱን ለሚስቱ ሰጣት። እሷም አንብባ መለሰችለትና ሻይ ልታፈላ ገባች።

እንደተባለውም ሄዶ ወደቡ ላይ ቆመ። ምንም ሳያደርግ ቆሞ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሰዎች ከባሕር ይወጣሉ፣ ክምሩ ጋ ይመጣሉ፣ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። አንዳንዱ የሚያስፈልገውን እጥፍ ይወስድና መንገድ ላይ ይጥለዋል። እርስ በርስ የሚነጋገር አልነበረም። ከንፈሩን እየነከሰ ክምሩን አነሳ፤ ሰሌዳውንም ነቀለው።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር፤ ግን ጉዱ ገና መፍላቱ ነው። በማግሥቱ ሲገባ ያው “አባ ክምር!” ይል የነበረ ሕዝብ “ሳንቃው የታለ?” ብሎ ተቀበለው። “አለቀ” ሲላቸው አላመኑም። “ሰሰትክ እንዴ?” አለው አንዱ። “ድሮም ለስሙ ነበር” አለ ሌላው። ይህኛው ቃል እንደ ሚስማር ገባ፤ ሐሰት ቢሆን ኖሮ እንዲያ ባላመመው።

ቁጭ ብሎ ራሱን መረመረ። እውነት ለሰዎቹ ነበር የሰጠው? አንዳቸውንም በስም አያውቅም። የመጀመሪያውን፣ እየተሽከረከረ የዘለለውን እንኳ፣ የት እንደደረሰ አልጠየቀም። የወደደው ሲከቡት ነው። ሶፋ ላይ የወደቀ ሰው መሆኑ ለጥቂት ሰዓት ስለሚረሳለት ነው። ይህን ለሚስቱ ሲነግራት ትስቅበታለች ብሎ ፈርቶ ነበር። እሷ ግን “እሱም ቢሆን ነውር የለውም። ሰው ሰው ስለሆነ ነው” አለችው። “ግን እስካሁን ያላደረግኸው አንድ ነገር አለ። ሰውየውን ምን እንደሚሻለው ጠይቀኸዋል?”

አልጠየቀም ነበር። መጀመሪያ ክምሩን የከመረው ሳይጠይቅ ነው፤ ሱቁን የገዛው ሳይጠይቅ ነው፤ ክምሩን ያነሳውም ሳይጠይቅ ነው። ከሰዓት በኋላ የመጋዝ ሱቅ በር ላይ ሄዶ ቆመና “ግባ” እስኪባል ጠበቀ።

“በድዬሃለሁ” አለው። “አሁን ደግሞ ክምሩን ሳነሳ አዲሶቹ ተቸገሩ። ምን ባደርግ ይሻላል? ያልከኝን አደርጋለሁ።”

መጋዝ ትንሽ አሰበ። “አዲስ ሰው ሲመጣ እጁ ላይ ምንም የለም። ግን ባዶ አይደለም፤ እጁ ራሱ አለ። ዳርቻው ላይ ቃጫ ሞልቷል፣ ማንም መልቀም ይችላል። የሚገዛቸው ስለሌለ አይለቅሙትም። አንተ ዛጎል ሞልቶ ተርፎሃል። ግዛቸው።”

“ቃጫ ምን ያደርግልኛል?”

“ገመድ ትሠራበታለህ። ጀልባ ያለ ገመድ አይሄድም። እኔ ሳንቃ እሸጣለሁ፣ አንተ ገመድ ትሸጣለህ። ሰውዬው ካንተ ዛጎል ይቀበላል፣ ከኔ ሳንቃ ይገዛል፣ ከዚያ ለገመዱ ተመልሶ ወዳንተ ይመጣል። መሃል መንገድ ላይ ከሌላ ሰው ጋር ይገናኛል።”

መካኒኩ ሲሰማ ዐይኑ ፊት የታየው ማሽን ነበር። አንዱ ጥርስ ሌላውን ሲገፋ፣ ሌላው ሦስተኛውን። “እንዴት እስካሁን አልታየኝም!” አለ።

“አንተ ነዋ መንገዱ ላይ የተቀመጥከው” አለው መጋዝ፤ የሳቅ ምልክትም አስከተለ።

የገመድ ቤቱን ከመጋዝ ሱቅ ትንሽ ራቅ አድርጎ ከፈተ። መጀመሪያ ላይ አላወቀበትም። አንዲት ሴት ያመጣችለትን ቃጫ ከዋጋው አራት እጥፍ ሊከፍላት ሲል መጋዝ ከበሩ ላይ ሆኖ “ኧረ ተው! አንተ እንዲህ ከከፈልክ ነገ ሁሉም ቃጫ ለቃሚ ሆኖ እንጨት የሚቆርጥ ሊጠፋ ነው” ብሎ ጮኸበት። መከራከርንም ቀስ በቀስ ተማረ። “ይሄማ ረግረግ የነካው ቃጫ ነው” ይላል፤ “አጎቴ፣ ዛሬ ጠዋት የለቀምኩት ነው” ይሉታል፤ ከዚያ ጠዋት ማለት እነሱ ዘንድ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቃል፤ አንዱ የሌሊት ዘብ ሆኖ ይገኛል፣ አንዷ ልጇን አስተኝታ የምትጫወት እናት። እየተጫወተ ሳያውቀው ስም መያዝ ጀመረ።

በእርግጥ ሁሉም አልሰመረም። በነፃ የለመዱ አንዳንዶች ተቀይመው ወደ ሌላ ወደብ ሄዱ። አንዱ ደግሞ ከመጋዝ ርካሽ ገዝቶ ሩቅ ደሴት ላይ እያስወደደ ሲሸጥ ተገኘ፤ መጋዝ “እሱም ነጋዴ ነው፣ ምን ይደረግ” አለ። መካኒኩ ግን ያንን ሰው ገመድ ከልክሎት ሰነበተ፤ ኋላ ላይ አፍሮ ተወው።

ወደቡ ግን ሰው በሰው ሆነ። ሰዎች በሁለቱ ሱቆች መካከል ባለው መንገድ ላይ ቆመው ያወራሉ። ጀልባው የተሰበረበት ሲመጣ አንዱ ሳንቃ፣ አንዱ ሸራ ያዋጣለታል፤ ማንም አላዘዛቸውም። መካኒኩ ይህን ሲያይ ገረመው። ክምሩ በነበረበት ጊዜ ማንም ለማንም አንዲት ሳንቃ ሲሰጥ አላየም ነበር። “አባ ክምር አለ” እያሉ ይሆናል፤ ወይም ያልተለፋበት ነገር ስለሆነ እንደ ስጦታ አልቆጠሩት ይሆናል። ለምን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለም። ለሚስቱ ሲያወራት “ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው ማንን ይረዳል?” ብላ አሳጠረችው።

ጀሶው ተቆርጦ በክራንች መሄድ የጀመረ ሰሞን መጋዝ “ልደውልልህ?” ብሎ ጻፈለት። በድምፅ ተነጋግረው አያውቁም። መካኒኩ “በደስታ” ብሎ መለሰ፤ ሚስቱም የስፌት መኪናዋን አቆመች።

ታብሌቱ ጠራ፤ ተቀበለው።

“ጤ... ጤ...” አለ ድምፁ። ወፍራም፣ ለጋ ያልሆነ፣ መካኒኩ ከገመተው በላይ የበሰለ ሰው ድምፅ ነበር። ከዚያ ቆመ። ዝምታው ረዘመ። መካኒኩ የሚመጣውን ቃል ያውቀዋል፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶበታል፤ አውጥቶ ሊያቀብለው ምንም አልቀረው። ሚስቱ በዐይኗ ያዘችው። ከንፈሩን ገጠመና ጠበቀ።

“...ጤና ይ... ይስጥልኝ” አለ መጋዝ።

“ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። እንዴት ዋልክ?”

“እ... እግርህስ?”

“ይኸው ቆሜያለሁ። አንካሳ ዝንጀሮ ነው የምመስለው ትላለች ሚስቴ።”

“ውሸቱን ነው!” አለች ሚስቱ ካለችበት። “አንካሳ ዳክዬ ነው ያልኩት!”

መጋዝ ሳቀ። ሳቁ አይንተባተብም፤ ከሆዱ የሚወጣ፣ ሙሉ ሳቅ ነበር። ረጅም ሰዓት ተነጋገሩ፤ ረጅም የሆነው ወሬው ስለበዛ ብቻ አልነበረም። አንሶላ ሲተኮስ ጠርዙ እንዳይሸበሸብ እንዴት እንደሚያዝ መጋዝ ለሚስቱ አስረዳት፤ እሷም የማታውቀውን አንድ ዘዴ ከሱ ወሰደች። ስልኩ ሲዘጋ መካኒኩ ፊቱ ላይ ላብ ነበር። “ዝም ማለት ይደክማል ለካ” አለ።

ከዚያ ሥራው ጠራው። ባልደረባው ሽፋኑን ጨርሶ እረፍት ወጣ፤ መካኒኩም በተራው የሱን ፈረቃ ደርቦ መሥራት ጀመረ። የገመድ ቤቱን ያቺ መጀመሪያ ቃጫ ያመጣችለት ሴት ተረከበችው፤ ከሱ የተሻለ ነጋዴ ሆና ተገኘች። እሱ ወደ ጌሙ የሚገባው አልፎ አልፎ ሆነ፤ ከመጋዝ ጋር ግን ከጌሙ ውጭም በስልክ ይጠያየቃሉ።

አንድ የእረፍት ቀን ሲገባ ጀልባው ወደብ ላይ ታስራ ስትቆይ በስብሳ አገኛት። ወደ መንገዱ ወጣ። ሰው ሞልቷል፤ ከሚያልፉት ውስጥ የሚያውቀው ስም የለም፤ እሱንም የሚያውቀው የለም። “አባ ክምር” የሚለው ስም ከራሱ በላይ ተጽፎ ቢያልፍም ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ትንሽ ቅር አለው፤ ሰው ነውና። ግራ ገብቶት ቆሞ ስታየው አንዲት ወጣት ተጫዋች ጠጋ አለችና “አዲስ ነህ? ሳንቃ ፈልገህ ነው?” አለችው።

“አዎ” አላት።

“በቀጥታ ሂድ፣ በስተግራ አንድ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ጨዋታ ይወዳል፣ እንዳትቸኩል። ዛጎል ካነሰህ ደግሞ ተከራከረው፣ ቶሎ ይሸነፋል።”

አመስግኗት ሄደ። ሱቁ በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆመ። ፊቱ ያለው ሰው ዞር ብሎ “ለጀልባ ነው?” አለው።

“ለጥገና ነው። አንተስ ከየት መጣህ?” አለው መካኒኩ።